«ፈተና»፣ «ፍተሻ» ወይስ «ሙከራ»? የአንድ ሙያ ታሪክና የአማርኛ ስያሜው

በኮምፒዩተር ሙያ «ቴስት» የሚባለው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ አንዱ ተርጓሚ «ፈተና»፣ ሌላው «ፍተሻ»፣ ሦስተኛው «ሙከራ» ይለዋል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ፣ ሦስቱ ቃላት እየተፈራረቁ የሚገኙበት ጊዜ አለ። ይህ መዘበራረቅ ላይ ላዩን ሲታይ የጥንቃቄ ጉድለት ይመስላል። እኛ ግን ነገሩን ከታሪኩ ጋር አያይዘን ስንመለከተው የችግሩ ሥር በተርጓሚው ዘንድ ብቻ እንዳልሆነ ተረድተናል። ቃሉ ራሱ ከሰባ ዓመት በላይ በሆነ የሙያ ዕድሜው ትርጉሙን ደጋግሞ ለውጧል። በድምፁ ሳይለወጥ በምሥጢሩ ስለ ተለወጠ እንግሊዝኛው ለውጡን ይሸፍነዋል፤ አማርኛ ግን ለእያንዳንዱ ምሥጢር የየራሱ ቃል ስላለው ተርጓሚው እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ለሙያው አዲስ የሆነ ወጣት ሥራው ምን እንደሆነ በመጀመሪያ የሚረዳው ከስያሜው ስለሆነ ምርጫው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከታሪኩ በፊት ቃላቱን እንይ። «ፈተነ» ከግእዝ የወረስነው ግስ ነው፤ ወርቅ በእሳት፣ ተማሪ በመምህሩ፣ ጻድቅ በመከራ ይፈተናል። በዘመናችን አነጋገር ፈተና ማለፍና መውደቅ ያለበት፣ መልሱም አስቀድሞ በፈታኙ እጅ የሚገኝ ነገር ነው። «ፈተሸ» የተደበቀ ነገር መፈለግን ያሳያል። ኪስ፣ ሻንጣና ቤት ይፈተሻል፤ ፈታሹ በሥራው ጠርጣሪ ነው፤ ምንም ካላገኘ ተፈታሹን ያሳልፋል። «ሞከረ» ከሁለቱም ይለያል፤ የሚሞክር ሰው ውጤቱን አስቀድሞ አያውቅም። የዚህ ቃል ዘመዶች ብዙ ናቸው። በግእዝ «መከረ» ምክር መስጠትን፣ «አመከረ» ደግሞ መፈተንን ያመለክታል፤ «መከራ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው። ገዳም ለአዲስ ገቢ መናኝ፣ ሕግ ለታራሚ የሚሰጠው «አመክሮ» የሰውዬው ጠባይ በጊዜ ውስጥ የሚታይበት ወቅት እንጂ በአንድ ቀን መልስ የሚያበቃ ፈተና አይደለም። አራተኛው «መረመረ» ሲሆን ሐኪሙም ፖሊሱም ይጠቀሙበታል። እነዚህ አራት ግሶች የሚከተለውን ታሪክ ለመተረክ ይበቁናል ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ዓመታት ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም ነበር፤ የነበረው ሥራ «እርማት» ብቻ ነው። ሞሪስ ዊልክስ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒዩተር ከሠሩ በኋላ በ1949 ዓ.ም. የቀሪው ዕድሜያቸው ትልቁ ክፍል የራሳቸውን ፕሮግራሞች ስሕተት በመፈለግ እንደሚያልፍ ድንገት እንደ ተገነዘቡ በትዝታ መጽሐፋቸው ገልጸዋል። በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ አለን ቱሪንግ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ትክክል መሆኑ እንዴት ሊመሳከር እንደሚችል የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አቅርቧል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው፣ የሚያርመውና ትክክል ነው የሚለው ያው አንድ ሰው ስለነበር ሥራዎቹን በስም መለየት አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ስለ «በግ»፣ ማለትም በእንግሊዝኛ ነፍሳትን ስለሚያመለክተውና በሙያው ለፕሮግራም እንከን ስለሚነገረው ቃል፣ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መስከረም 9 ቀን 1947 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኝታ በመዝገብ ላይ በሙጫ ወረቀት መለጠፏ እውነት ነው፤ ቃሉ ግን ከዚያች ዕለት አልተወለደም። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን ለመሣሪያ እንከን ተጠቅሞበታል። በሐርቫርድ መዝገብ ላይ የሰፈረው ቀልድ ሊያስቅ የቻለውም ቃሉ አስቀድሞ በመታወቁ ነው። ስለዚህ በአማርኛ «ትኋን» ወይም «ተባይ» እያሉ ነፍሳቱን ተከትሎ መሄድ ለአንባቢው ምንም አይጨምርለትም። ቃሉም በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ከቤት እንስሳው ጋር ይጋጫል።

«እርማት» እና «ቴስት» የተለያዩት በ1957 ነው። ቻርልስ ቤከር የተባሉ ጸሐፊ አንድ የፕሮግራም መማሪያ መጽሐፍ ሲተቹ ሁለት ጥያቄዎችን ለዩ፤ አንዱ ፕሮግራሙ መሥራቱን፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ የታሰበለትን ችግር መፍታቱን የሚመለከት ነው። ዴቪድ ጌልፔሪንና ቢል ሄትዘል በ1988 ባሳተሙት የሙያው ታሪክ ከዚህ ዓመት እስከ 1978 ያለውን ዘመን ፕሮግራሙ በትክክል እንደሚሠራ የማሳያ ዘመን ብለውታል። ለዚህ ዘመን ጽሑፎች «ፈተና» ተስማሚ ነው። መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ፕሮግራሙ ይጠየቃል፣ ያልፋል ወይም ይወድቃል፤ የሁሉም ምኞት ማለፉ ነው።

ይህን ምኞት የሚያናጋ ድምፅ የተሰማው በ1968 በጀርመን ጋርሚሽ፣ በ1969 በሮም በተደረጉት የሶፍትዌር ምሕንድስና ጉባኤዎች ወቅት ነው። ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እንዲህ ያለው ሥራ እንከን መኖሩን ሊያሳይ እንደሚችል፣ አለመኖሩን ግን ፈጽሞ ሊያሳይ እንደማይችል አስገነዘበ። በ1972 በሰሜን ካሮላይና ቻፕል ሂል ሄትዘል ባዘጋጁት ስብሰባ ጉዳዩ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ሆነ። በ1979 ግሌንፎርድ ማየርስ የሙያውን ትርጉም ገለበጠው። በእርሱ አባባል ሥራው ፕሮግራምን ስሕተት ለማግኘት አስቦ ማስኬድ ነው፤ የተሳካ የሚባለውም ስሕተት ያገኘው እንጂ ምንም ያላገኘው አይደለም። ምክንያቱን ከሰው ጠባይ ላይ መሠረተው። ፕሮግራሙ ትክክል መሆኑን ለማሳየት የሚነሣ ሰው ሳያውቀው የማይጎዱትን ጥያቄዎች ይመርጣል፤ እንከን ፍለጋ የሚነሣ ሰው ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ያርፋል።

እንግዲህ የማየርስን መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው «ፈተና» የሚለውን ቃል ቢይዝ ምን ይገጥመዋል? «የተሳካ ፈተና ተፈታኙ የወደቀበት ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጽፍና አንባቢው የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስለዋል። «ፍተሻ» ቢል ግን ነገሩ ወዲያው ይገባል፤ ፍተሻ የሚሳካው የተደበቀው ሲገኝ ነውና። በእኛ አስተያየት ከ1979 ወዲህ ለተጻፈው ሥነ ጽሑፍ ትልቅ ክፍል «ፍተሻ» የሚለው ቃል የተሻለ አቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ፍተሻ» ሌላም ነገር ይገልጻል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በትልልቅ ኩባንያዎች ሥራው ከጸሐፊዎቹ ተነጥሎ ለብቻው ክፍል ተሰጠው፤ በ1983 የወጣ የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ የፍተሻ ሰነዶችን ቅርጽ በዝርዝር ደነገገ። ፈታሹ በሥራው መጨረሻ፣ በር ላይ ቆመ። ወራት የፈጀ ሥራ ተጠናቆ ወደ እርሱ ይመጣል፤ ያገኘውን በቅጽ ሞልቶ ይመልሳል፤ ቅጹ የሚደርሰው ጸሐፊም ያን ክፍል ለምን እንደዚያ እንደ ጻፈው ረስቶታል። እንከኑ ይታረማል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አንዳቸው ከሌላው የሚማሩት እምብዛም ነው።

የበር ፍተሻ ወሰን እስከ ምን እንደሆነ የአሪያን 5 ሮኬት ውድቀት አሳይቷል። ሰኔ 4 ቀን 1996 በመጀመሪያ በረራው የዋና ሞተሩ ማቀጣጠል ከተጀመረ ከ40 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ሮኬቱ ተበታተነ። አቅጣጫ የሚቆጣጠረው ክፍል ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የተወሰደና በዚያ ላይ በደንብ የሠራ ነበር፤ አዲሱ ሮኬት ግን በአግድም ፍጥነቱ ከቀድሞው ስለሚበልጥ አንድ ቁጥር ከተመደበለት 16 ቢት ቦታ በላይ ሆነ። መርማሪው ቦርድ እንዳመለከተው ያ ክፍል በአሪያን 5 የበረራ መንገድ ተሞክሮ አያውቅም። ሶፍትዌሩ የትናንቱን ፈተና አልፏል፤ የዛሬው ጥያቄ ግን አልቀረበለትም።

ይኸው አደጋ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጥሩ ማስረጃ ይሰጠዋል። በሙያው ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች አሉ፤ ተርጓሚዎች ሦስቱንም «ስሕተት» እያሉ ያልፏቸዋል። የቀድሞው ስሌት ለአዲሱ ሮኬትም ይበቃል ብሎ ማሰብ የሰው «ስሕተት» ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ጥበቃ ሳይደረግለት የቀረው የቁጥር ልወጣ «እንከን» ነው፤ እንከኑ በአሪያን 4 በረራዎች ሁሉ ውስጥ በዝምታ ተኝቶ ነበር። የኮምፒዩተሮቹ ሥራ ማቆም ደግሞ «ክሽፈት» ነው። ለዚህ ለሦስተኛው «ብልሽት» የሚል ቃል የሚያቀርቡ አሉ፤ እኛ አንቀበለውም። ብልሽት የዕቃውን መጎዳት ያሳስባል፤ በዚያች ዕለት ግን መሣሪያዎቹ አልተበላሹም፤ ያቆሙት እንዲያቆሙ ስለ ታዘዙ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ለውጥ እንምጣ። በ1996 በክራይስለር የመኪና ኩባንያ የደመወዝ ሥርዓት ዝግጅት ላይ ኬንት ቤክና ባልደረቦቹ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት ፕሮግራሙ ሊያሟላው የሚገባው ነገር በትንሽ በትንሹ በኮድ ተጽፎ ይቀመጥ ጀመር። የደመወዙ ፕሮጀክት በ2000 ቢቋረጥም አሠራሩ ግን ተስፋፋ። ቤክና ኤሪክ ጋማ በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበርሩ አውሮፕላን ውስጥ ጄዩኒት የተባለውን መሣሪያ ጻፉ፤ በዚህ መሣሪያ ኮምፒዩተሩ የተጻፉትን ምሳሌዎች በሴኮንዶች ውስጥ ደጋግሞ ያመሳክራል። በየካቲት 2001 በዩታ ግዛት ስኖበርድ የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች ደግሞ ይህንና መሰል አሠራሮችን «አጃይል» በሚል ስም አስተባበሯቸው።

ስለ «አጃይል» አቻ ቃል ብዙ አንቆይም። «ቀልጣፋ» የሚለው በትርጉሙ ቅርብ ነው፤ ሆኖም የመሥሪያ ቤት ቋንቋችን «ቀልጣፋ አገልግሎት» እያለ ቃሉን ከፍጥነት ጋር ስላቆራኘው አንባቢው ነገሩ መቸኮል ይመስለዋል። አሠራሩ የሚጠይቀው አካሄድን ቶሎ ቶሎ አይቶ መለወጥ መቻልን ነው። የተሻለ እስኪገኝ ውሰት ቃሉን መጠቀም አይከፋም።

በእነዚህ ቡድኖች «ቴስት» የተባለው ነገር ፈተናም ፍተሻም አይደለም፤ ገና ላልተጻፈ ነገር የሚሰጥ ምሳሌ ነው። ይህን ከቋንቋ ሰዎች ቀድሞ ያስተዋለው ዳን ኖርዝ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ መሆኑ ሊያስገርመን ይገባል። ኖርዝ አሠራሩን ለሌሎች ሲያስተምር ተማሪዎቹ ከየት እንጀምር፣ ምን ያህል እንቴስት፣ ምን ብለን እንሰይመው እያሉ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይደናገሩ ነበር። በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ «ቴስት» የሚለውን ቃል ትቶ «ጠባይ» በሚል ትርጉም ያለውን ቃል ሲተካበትና እያንዳንዱን ስያሜ «እንዲህ ሊያደርግ ይገባዋል» በሚል ዐረፍተ ነገር ሲያስጀምር አብዛኛው መደናገር ተወገደ። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤክ ለጀመረው አሠራር «ፈተና መር» ከማለት «ምሳሌ መር» ማለቱ ይሻላል እንላለን፤ «መር» የሚለው ቅጥያ «ገበያ መር» በመሳሰሉ አነጋገሮች ከወዲሁ ስለ ተለመደ አንባቢን አያስቸግረውም።

ምሳሌዎቹን ኮምፒዩተሩ ከያዛቸው ዘንድ ለሰው ምን ይቀረዋል? ሴም ኬነር በ1980ዎቹ አንድ ሌላ አሠራር ሰይሞ ነበር፤ በዚህ አሠራር ባለሙያው ሶፍትዌሩን እያወቀው፣ ቀጣዩን ጥያቄ እየቀየሰና እየሞከረው በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ማይክል ቦልተን በ2009 ልዩነቱን በሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ከፈለው፤ አማርኛ ለሁለቱም የተዘጋጀ ይመስላል። አስቀድሞ የታወቀን መልስ ከተገኘው ጋር ማስተያየት «ማመሳከር» ነው፤ ቃሉ ከምስክር ጋር ሥር ይጋራል፤ ሥራውንም ኮምፒዩተር ይችለዋል። ያልታወቀውን ማወቅ ግን «ሙከራ» ነው። አንድ የቀን መመዝገቢያ ፕሮግራም 12ቱን ወሮችና አምስቱን የጳጉሜን ቀናት እንዲቀበል የተጻፉት ምሳሌዎች በሙሉ ሊመሳከሩና ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። «የዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ቢሞላበትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ ፕሮግራሙ እንከን የለበትም ይባላል። ያን ጥያቄ የሚያመጣው የዘመን አቆጣጠርን የሚያውቅ፣ ተጠቃሚውን የሚያስብና ያልተጻፈውን የሚጠረጥር አእምሮ ነው። ጥያቄው ገና አንድ መስመር ሳይጻፍ፣ ጸሐፊው ባለበት ከተነሣ ደግሞ እንከኑ አይፈጠርም፤ ጸሐፊውም በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይጠይቀዋል።

የሊሳ ክሪስፒንና የጃኔት ግሪጎሪ መጻሕፍት የቆሙት በዚህ ላይ ነው። በ2009 የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፋቸው የሙከራ ባለሙያውን ከበሩ አንሥቶ በቡድኑ መካከል አስቀመጠው፤ በ2014 የወጣው ሁለተኛው በንዑስ ርእሱ የመላው ቡድን የመማር ጉዞ መሆኑን ያስታውቃል። የሙያ ትምህርት እዚህ ላይ አዳራሽ ገብቶ ምስክር ወረቀት መቀበል ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን አስተሳሰብ የሚያይበት የዕለት ሥራ ነው። ስለሆነም በነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሁሉንም «ሥልጠና» ማለት ያስታል፤ «መማማር» የሚለው ቃላችን የሁለትዮሹን ግንኙነት በአንድ ግስ ይይዘዋል።

በስያሜ ምርጫ ረገድ ከሁሉም የሚያሳስበን ቃል ግን ሌላ ነው። እነዚህ ቡድኖች በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ተሰብስበው ያለፈውን ሥራቸውን መለስ ብለው ያያሉ፤ የስኖበርዱ ሰነድ መርሆዎችም ቡድኑ በየጊዜው አሠራሩን እንዲመለከትና እንዲያስተካክል ይጠይቃሉ። ኖርማን ከርዝ በ2001 ስለዚህ ስብሰባ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ቅድመ ሁኔታ አኖረ፤ ምንም ቢገኝ፣ እያንዳንዱ ሰው በጊዜው በነበረው ዕውቀትና ችሎታ የሚቻለውን እንዳደረገ ሁሉም አምነው ይቀመጣሉ። ያለዚህ እምነት እንከኑ እንዴት እንዳመለጠ የሚናገር ሰው አይኖርም፤ የሚናገር ከሌለም የሚማር የለም።

ይህን ስብሰባ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እጁ በቅድሚያ የሚሄደው «ግምገማ» ወደሚለው ቃል ነው። ቃሉ በመዝገበ ቃላት ሚዛን ምንም አይጎድለውም፤ መገመት፣ መመዘን፣ ዋጋ ማውጣት ማለት ነው። ነገር ግን ቃል የሚኖረው በተነገረበት ቦታ ነው። በአብዮቱ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል የነበረውን ያየ፣ ከ1983 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተስፋፋው ግምገማ ላይ የተቀመጠ ሰው ቃሉን ሲሰማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስሙ የሚነሣበት፣ ጥፋቱ የሚቆጠርበት ስብሰባ ይታየዋል። እንዲህ ያለ ሰው የጳጉሜን 6ን ነገር ዘንግቶ ቢሆን «እኔ ነኝ» አይልም። ተርጓሚው የከርዝን ቅድመ ሁኔታ በትክክል ቢመልሰውም፣ በርእሱ ላይ ባስቀመጠው አንድ ቃል ያፈርሰዋል።

ምን እንበለው? «የኋላ ዕይታ» የሚሉ አሉ፤ የእንግሊዝኛውን ክፍሎች ቆርጦ የገጠመ ስለሚመስል አልወደድነውም። እኛ የምናቀርበው «ምልሰት» ነው። የሥነ ጽሑፍ ሃያስያን በልቦለድ ውስጥ ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚተረክበትን ስልት በዚህ ስም ይጠሩታል። በቃሉ ውስጥ ክስ የለም፤ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ እንደገና መተረክ አለ፤ ተራኪ እንጂ ተከሳሽ አይፈልግም። ለሌላ ሙያ መዋሱም አያስነውርም፤ «አመክሮ» ከገዳም ወደ ሕግ ተሻግሮ የለም?

ባለሙያውን ራሱን ምን እንደምንለው ገና አልተቋጨም። «ፈታኝ» ተማሪዎች ፊት የሚቆመውን ሰው ያስመስለዋል፤ ቅጽል ሲሆን ደግሞ አስቸጋሪ ማለት ነው። «ፈታሽ» ወደ በሩ ይመልሰዋል። «መርማሪ» ጥሩ ነበር፤ ሆኖም ጸሐፊውን ተጠርጣሪ ያደርገዋል። «ሞካሪ» ያልተካነ ሰው ይመስላል። ለጊዜው «የሙከራ ባለሙያ» እያልን እንጽፋለን፤ ረዘም ያለ ከመሆኑ በቀር ነውር አላገኘንበትም። በአንድ ቃል የሚመልሰው አንባቢ ካለ የተጠቀመበትን ዐረፍተ ነገር ጭምር ይላክልን።